ይድረስ ገና ላልመጡት የቤቴ ገዢ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ከእርስዎ ጭንቀት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስምዎን አላውቅም፤ መልክዎንም አላየሁም። ግን እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የ30 ዓመት ዕዳ በምከፍልበት ቤት ውስጥ የሚያዙት እርስዎ ነዎት። ሳሎኑን ግራጫ ያስቀቡኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ቢጫ ነበር ያማረኝ። «ገዢ ግራጫ ይወዳል» ተባልኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ሊዘንብ በደረሰ ሰማይ ሥር ቡናዬን እጠጣለሁ።

እሱንስ ችዬው ነበር። የልብስ ማስጫው ነገር ግን አላስችል አለኝ።

ባለፈው ሰኔ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። በማግስቱ ነጠላዋን በእጇ አጠበችና ጓሮ ወጣች። ዞር ዞር ብላ አየች።

«ገመዱ የታለ?»

«የለም። ማድረቂያ ማሽን አለ።»

«ይሄ ሁሉ ፀሐይ እያለ?»

«ገመድ የቤቱን ዋጋ ይቀንሳል ይላሉ። ገዢ አይወደውም።»

«ቤቱን ልትሸጠው ነው እንዴ?»

«አይ።»

«ታዲያ የምን ገዢ ነው?»

«ወደፊት የሚመጣው።»

ትንሽ አሰበችና «ለምሳ ይደርሳል?» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ያ ማሽን ጋቢዬን ፈጅቶታል። በ240 ቮልት አንገርግቦ፣ አራት እጥፍ ጥጥ የነበረውን ጋቢ የሕፃን ብርድ ልብስ አሳከለው። ትከሻዬን ስሸፍን ጉልበቴ ይበርደዋል። ይህን ሁሉ የከፈልኩት ጓሮዬ ለእርስዎ ዓይን እንዲያምር ነው።

ሕጉ ይከለክላል እንዳልል፣ አይከለክልም። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ፣ የሰፈር ማኅበር እንደኔ ባለ ቤት ላይ የልብስ ገመድን ጨርሶ መከልከል አይችልም። የቱ ጋ ይተከል፣ ምን ይምሰል የሚል ደንብ ግን ማውጣት ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ፣ ላንስ ሂል የሚባል የአዴሌድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1945 መሥራት የጀመረው ተሽከርካሪ ማስጫ የአገር ምልክት እስከመሆን ደርሷል። እዚያ የሚኖሩ አቻዎ ቤት ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን?

ለማንኛውም ይሉኝታ ይዞኝ ለእርስዎ የሚስማማውን መረጥኩ። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ማስጫ ገዛሁ። በሲሚንቶ የሚቀበረው ቱቦው ብቻ ነው። ምሰሶው ተነቅሎ ጋራዥ ይገባል፤ ቱቦው ክዳን አለው። እርስዎ በመጡ ዕለት ሣር እንጂ ሌላ አያዩም።

ከመቆፈሬ በፊት፣ መሬት ውስጥ የተቀበሩ መስመሮችን መጥተው እንዲያመለክቱ ወደሚደወልበት ቁጥር፣ 811 ደወልኩ። መጥተው የጋዝ መስመሩ የሚያልፍበትን ሣር ላይ በቢጫ ቀለም አሰመሩት። በዚህ ግቢ ቢጫ ሲቀባ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽዎትም።

አሁን እናቴ አዲስ ጋቢ ይዛልኝ መጥታ ኖሮ፣ አጥባ አስጥታዋለች። እርጥብ ጋቢ ሲከብድ ያውቃሉ? ምሰሶው ወደ ጎረቤት አጥር ዘምሞ ነበር። የመጥረጊያ እንጨት ባላ አድርጋ ደገፈችው። የእርስዎን ዓይን እንዳያስቀይም ትንሽ ብታቃናው ብላት፣ «መጣ እንዴ?» ብላ ወደ በሩ ዞረች።

ብዙ የምጽፍልዎት ነበረኝ። ግን ደመናው እየከበደ ነው፤ ጋቢውም ገና ጫፉ አልደረቀም። ሮጬ ላስገባው።

አክባሪዎ፣
ለጊዜው የቤቱ ባለቤት