ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጓንት ይቀየር

በሆድ ቀዶ ሕክምና ላይ ከወጡት የቅርብ ዓመታት ጥናቶች አንዱ፣ የትኛውም ሆስፒታል ያለ አዲስ ማሽን ሥራ ላይ ሊያውለው የሚችል ውጤት ይዞ መጥቷል። ቺታ የተባለው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ ባሉ 81 ሆስፒታሎች 13,301 ታካሚዎችን አካቷል። የፈተነው አንድ ነገር ነው፤ የሆድ ግድግዳ ከመሰፋቱ በፊት ቡድኑ ጓንትና መሣሪያ ቢቀይር የቁስል ኢንፌክሽን ይቀንሳል ወይ? ቀነሰ። በተለመደው አሠራር 18.9 በመቶ የነበረው ወደ 16.0 በመቶ ወረደ። ይህም ከ35 ታካሚዎች ገደማ አንዱን ከኢንፌክሽን ማዳን ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ ያመረቀዘ የሆድ ቁስል ስንት ሳምንት እንደሚያስተኛና ስንቱን ለሄርኒያ (አንጀት በላላ የሆድ ግድግዳ በኩል ለመውጣት) እንደሚዳርግ ያስብ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተበሳ አንጀት የያዘ፣ መግል የጠረገ ጓንት ተመልሶ የሆድ ግድግዳውን ስብና ጡንቻ ሲነካ ተህዋስያኑን እዚያው ይተክላል። መርፌ መያዣውና ፎርሴፕሱም (መቆንጠጫው) እንዲሁ። ስለዚህ የመዝጊያው መሣሪያ ማለትም መርፌ መያዣ፣ ጥርስ ያለው ፎርሴፕስ፣ መቀስና ቁስሉን ገልጦ የሚይዘው መሣሪያ ገና ከጅምሩ ለብቻው ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሆዱ ታጥቦ፣ ጎዙና መሣሪያው ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ፣ ረዳቱና መሣሪያ አቀባይዋ ነርስ ሦስቱም ጓንት ይቀይራሉ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ስፌት ይጀመራል።

የሚበላሸው በትንንሹ ነው። ሐኪሙ ብቻ ይቀይርና ነርሷ በአሮጌው ጓንት አዲሱን መቀስ ታቀብለዋለች። ወይም ጓንቱ ከእጥበቱ በፊት ይቀየርና እጁ ተመልሶ ሆድ ውስጥ ይገባል። ወይም ቀዶው መሀል ላይ ፎርሴፕስ ሲያጥር ከተሸፈነው ይበደራል። የመጨረሻውን የሚያስቀረው መሣሪያ ከተህዋስያን የሚያጸዳው የስቴሪላይዜሽን ክፍል የመዝጊያ መሣሪያውን በትንሽ ጥቅል ለይቶ ሲያሽግ ነው። ይህ የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ነርሷ ላይ መጣል የለበትም። በቺታ ጥናት መመሪያው የተሰጣቸው ሆስፒታሎች ከታካሚዎቻቸው በ98.3 በመቶው ላይ ቀይረዋል፤ ሌሎቹ ዘንድ ግን ይህ የተደረገው በ0.8 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። ሰው በልማድ የማያደርገው፣ ሲታዘዝ ግን የማይከብደው ሥራ ነው ማለት ነው።

ይህን ከሌላ ጥናት ጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ኢፖክ በብሪታንያ 93 ሆስፒታሎች ውስጥ 15,873 የድንገተኛ ሆድ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ይዞ 37 እርምጃ ያለው የማሻሻያ መርሐ ግብር ሞከረ። በ90 ቀን ውስጥ ያለው ሞት አልተነቃነቀም፤ በሁለቱም ወገን 16 በመቶ ሆነ። ባለሙያዎቹ ሁሉን የሚያዳርሱበት ጊዜም አቅምም አልነበራቸውም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ሆስፒታል ጥቂት መርጦ እነዚያን ሳያዛንፍ መሥራት እንዳለበት ነው።

ከጓንቱ ቀጥሎ የምመርጠው ትራኔክሳሚክ አሲድን ነው። የረጋ ደም መልሶ እንዳይሟሟ የሚያግዝ ርካሽ መድኃኒት ነው። በ40 አገሮች በአደጋ ቆስለው ደም የሚፈሳቸው ወይም ሊፈሳቸው የሚችል 20,211 ጉዳተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ክራሽ 2 ጥናት ጠቅላላ ሞትን ከ16.0 ወደ 14.5 በመቶ እንደሚያወርድ አሳይቷል። አሰጣጡ 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 1 ግራም በ8 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው በችኮላ ከተገፋ የደም ግፊት ይወርዳል። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ የወሰዱት ላይ በደም መፍሰስ የመሞት አደጋ ጨምሮ ታይቷል። በወሊድ ደም የፈሰሳቸውን ጭምር የያዘ፣ 40,138 ሰዎችን ያካተተ ትንተና ደግሞ በየ15 ደቂቃው መዘግየት ጥቅሙ 10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አስልቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ ዋናው ፋርማሲ ተቆልፎበት ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል መሳቢያ ውስጥ መገኘት አለበት። ካርዱም ላይ ታካሚው የደረሰበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን የተጎዳበት ሰዓት ይጻፍ። ሪፈር የሚጽፍ ተቋም የመጀመሪያውን ግራም ራሱ ሰጥቶ ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ ያስፍር፤ 3 ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

ውድ መሣሪያ ለመግዛት የሚጣደፉ የሪቦአን ነገር ይዩ። በጭን ደም ቅዳ ቧንቧ ገብቶ ዋናውን የደም ቧንቧ ከውስጥ የሚዘጋ ፊኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የብሪታንያ ጥናት ብዙ ደም ከፈሰሳቸው ጉዳተኞች ፊኛው ከተመደበላቸው 54 በመቶ፣ ከሌሎቹ 42 በመቶ በ90 ቀን ውስጥ ሞተዋል። የተሳተፉት 90 ብቻ ስለሆኑ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሆኖም ፊኛው በተሞከረባቸው ደሙን በቀዶ ለማቆም የወሰደው ጊዜ ረዝሟል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው።

ሦስተኛው ምርጫዬ አንቲባዮቲክ በጊዜው ማቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስቶፕ ኢት የሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን በያዛቸው 518 ታካሚዎች ላይ መድኃኒቱ 4 ቀን ገደማ የተሰጣቸውን፣ ምልክቱ እስኪጠፋ እስከ 10 ቀን ከተሰጣቸው ጋር አነጻጸረ፤ የችግሩ መጠን 21.8 እና 22.3 በመቶ፣ እኩል ሊባል የሚችል ነው። ይህ የሚሠራው የኢንፌክሽኑ ምንጭ በአግባቡ ከተዘጋ ወይም መግሉ ከወጣ ብቻ ነው። የማቆሚያው ቀን ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጋር ይጻፍ። በ5ኛው ቀን ትኩሳት ካለ መድኃኒቱን ከማራዘም በፊት በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን የተጠራቀመ መግል ይፈለግ፤ ከተገኘም ይቀዳ።