ጎማው ላይ ያስቀመጣችኋት ልጅ

ቆይ፣ የመኪና ጎማ ለመሸጥ ሴት ልጅ በአጭር ቀሚስ ጎማው ላይ መቀመጥ አለባት ያለው ማነው? ከምሬ ነው የምጠይቀው። ሰሞኑን ጎማ ልቀይር ብዬ ቴሌግራም ላይ ዋጋ ሳጣራ ነበር። አንዱ ቻናል ገባሁ፣ ከላይ እስከ ታች ሴት ነው። ጎማ ላይ የተቀመጠች፣ ጎማ ያቀፈች፣ በጎማው ቀዳዳ አንገቷን አውጥታ የምትስቅ። እኔ የምፈልገው ግን ጎማው ጎን ላይ የምትጻፈዋን አራት አሃዝ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ነው የሚናገሩት፤ 1823 ካለ በፈረንጆቹ 2023፣ በ18ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት የከረመ ጎማ «አዲስ ነው» ተብሎ እንዳይሸጥልኝ ያቺን ቁጥር ማየት አለብኝ። ቁጥሯ አትታይም። የልጅቷ ጭን ሸፍኗታል።

ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ትንሽ ሰማኝና «እሺ፣ ባለቤትሽ ይደውልልንና እናስረዳዋለን» አለኝ። መኪናው የኔ ነው። ብሩም የኔ ነው። ዘጋሁበት።

ብሶቴ ይሄ ነው እንግዲህ። እዚህ አገር ማስታወቂያ ላይ ሴት ወይ ከዕቃው አጠገብ የቆመች ሌላ ዕቃ ናት፣ ወይ ዕቃውን ይዛ የምታጥብና የምትጠብስ ናት። መርጣ፣ ተከራክራ፣ ዋጋ አስቀንሳ፣ ከፍላ የምትወስድ ሴት የለችም። ኧረ በናታችሁ! ጉሊቱን ማን ነው የያዘው? መርካቶ ገብቶ በየሱቁ ዋጋ የሚያማታው ማነው? ዘይት በጨመረ ቁጥር የወሩን ወጪ እንደገና ቁጭ ብላ የምትደምረው ማናት? ገዢዋ እኔ ነኝ እኮ። ሻጩ ግን ከኋላዬ አለ ብሎ የሚያስበውን ሰውዬ ነው የሚያናግረው።

የወጥ ቤቱን ማስታወቂያ እዩልኝ። ሴትየዋ ታበስላለች። ልጆቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተደርድረዋል። ባል ከሥራ ይገባል፣ ኮቱን ያወልቃል፣ አንድ ይቀምስና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወፍራም የወንድ ድምፅ ስለ ዘይቱ ጥራት ማብራሪያ ይሰጣል። ዕድሜዋን ሙሉ ወጥ የሠራች ሴት እዚያው ቆማ፣ ዘይት ምን እንደሆነ የሚያስረዳት እሱ! «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት እንዳለ ወስደው ስክሪፕት ያደረጉት ነው የሚመስለኝ። የልብስ ሳሙናውማ አይነሳ። ሸሚዝ ነጣልኝ ብላ በደስታ የምትሽከረከር ሴት እኔ አይቼ አላውቅም። ልብስ አጥቦ የጨረሰ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

በነገራችን ላይ ይሄ ወንዶቹንም መስደብ ነው፤ ለምን ዝም እንደምትሉ አይገባኝም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ባል እንቁላል መጥበስ የማይችል፣ ዳይፐር በየት በኩል እንደሚታሰር የማያውቅ ፍጡር ነው። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2019 ጎጂ የሆነ የጾታ አመለካከት የሚያሳይ ማስታወቂያ የሚከለክል ደንብ አወጡ። መጀመሪያ ካገዷቸው ሁለት ማስታወቂያዎች አንዱ የቺዝ ነበር። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ሁለት አባቶች በምግቡ ተመስጠው ሕፃናቱን ምግብ የሚያዞረው ማሽን ላይ ሲረሱ ያሳያል። አባት ልጅ መያዝ አይችልም ማለት እዚያ ያሳግዳል። እኛ ጋ ኮሜዲ ነው።

ቢራውስ ትዝ ይላችኋል? ኳስ ሊጀምር ሲል ቢራ። ዜና ሊጀምር ሲል ቢራ። ቢራ ካለ ሴት አለች፤ ትስቃለች፣ ትጨፍራለች፣ በትሪ ይዛ ትመጣለች። በኛ 2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣው። ተመስገን አልን። ግን የተከለከለው ለጤና ተብሎ ነው፣ ለኛ ክብር ተብሎ አይደለም። ስለዚህ ቢራው ሄደ፣ ልጅቷ ቀረች። አሁን ሪል እስቴት ውስጥ ናት። ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች፣ መጋረጃ ትከፍታለች፣ በረንዳ ላይ ወጥታ ፀጉሯን ለነፋስ ትሰጣለች። ቁልፉን የሚቀበለው ባልየው ነው።

ባዛሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በዓል ሲደርስ ፕሮሞተር የሚሏቸው ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ታኮ ጫማ ላይ ቆመው ይውላሉ። የምርቱ ስም ደረታቸው ላይ ነው የሚጻፈው፣ ጀርባቸው ላይ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። አላፊ አግዳሚው «ፎቶ እንነሳ» እያለ ወገባቸውን ይይዛል። አሠሪያቸው እያየ «ፈገግ በይ እንጂ» ይላል። አንዷን አናገርኳት። በማርኬቲንግ ዲግሪ አላት። ስለ ምርቱ ምን አሠለጠኑሽ ስላት «ስሙን ነገሩኝ» አለችኝ። በቃ። ሥራው ሲወጣ ማስታወቂያው «ጾታ ሴት፣ ዕድሜ ከ20 እስከ 25፣ መልካም ቁመና ያላት፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ፎቶ ታያይዝ» ነበር አለችኝ። ዲግሪዋን የጠየቃት የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ሴት በቅጥርም በክፍያም በጾታዋ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባት ይላል፣ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ጾታዊ ትንኮሳንም ይከለክላል። ወገብ መያዝ ከየትኛው ይመደብ ይሆን?

የሙዚቃ ክሊፑ ደግሞ ያስቀኛል፣ ንዴቴን የሚያስረሳኝ እሱ ብቻ ነው። ዘፋኙ ጃኬት ደርቦ፣ ኮፍያ ደፍቶ፣ ስካርፍ ጠምጥሞ እንጦጦ ላይ በሐምሌ ያደረ ይመስላል። ዙሪያውን ያሉት ተወዛዋዦች ላንጋኖ ሊዋኙ የመጡ ናቸው። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ የተቀረጸ ነው እኮ! የአየር ጠባዩ በጾታ ይለያያል? የባህል ዘፈን ሲሆን ይሻላል ብላችሁ ደግሞ እንዳትሞኙ። እስክስታ በትከሻ ነው። ካሜራማኑ ግን ትከሻ የት ጋ እንዳለ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። «ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ልክ ነሽ እህቴ፣ የዘንድሮ ሴቶች ራቁታቸውን መሄድ ነው የቀራቸው» ልትሉኝ ኮሜንት ላይ የተሰለፋችሁ ወንድሞች፣ በእናታችሁ ተመለሱ። እኔና እናንተ አልተገናኘንም። የማወራው ስለ ቀሚስ ርዝመት አይደለም። የፈለገችውን ትልበስ። የሐበሻ ቀሚስ አልብሰው፣ ረከቦት አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠው የኢንተርኔት ጥቅል ሲሸጡባትም ያው ነው። እሷ አንገቷን ደፍታ ቡና ትቀዳለች፣ ወንዶቹ ስለ ጊጋባይት ይከራከራሉ። ያኛው ጭኗን ሸጠ፣ ይሄኛው ጨዋነቷን ሸጠ። በሁለቱም አፍ የላትም። ደግሞ ሁልጊዜ የሚሰደበው እሷ ናት። ስክሪፕቱን የጻፈው፣ «ትንሽ ወደዚህ ዞር በይ» ያላት፣ ቀረጻውን ቁጭ ብሎ የቆራረጠው፣ ሒሳቡን የከፈለው፣ እነዚህን ሁሉ ማንም «ቤተሰብ የለህም?» ብሏቸው አያውቅም። እሷን ግን ሰፈሯ ድረስ ይከተሏታል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሰውን ክብርና እኩልነት በጾታ የሚነካ ምስል ወይም አነጋገር ያለበትን ማስታወቂያ ሕግንና ሥነ ምግባርን የሚቃረን ነው ብሎ አስቀምጦታል። ሕገ መንግሥቱም የሴቶች መብት የሚለው አንቀጽ 35 አለው፣ ሁላችንም ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። ወረቀቱ ሞልቷል። ቀረጻ ቦታ ላይ ወረቀቱን አንብቦ «ይቺን ሾት ተዋት» የሚል ሰው ነው የጠፋው። ማርች 8 ሲደርስ ግን እነዚሁ ድርጅቶች ሐምራዊ ፖስተር ለጥፈው፣ «ያለ ሴት ሕይወት የለም» ብለው፣ ለሴት ሠራተኞቻቸው አንድ አንድ ጽጌረዳ ያድላሉ። ጽጌረዳውን በትሪ ይዛ የምታዞረው ማን እንደሆነች ገምቱ።

ማስታወቂያ ሥራ ላይ ያለ ጓደኛ አለኝ። ችግሩ ከእነሱ ብቻ እንዳልሆነ ይምላል። ቆንጆ ሐሳብ ይዘው ሲቀርቡ ደንበኛው አይቶ አይቶ «ሴት የለበትም እንዴ?» ይላል አለኝ። ቀለም ይሁን፣ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሁን፣ የውሃ ፓምፕ ይሁን። አለ የሚባለው ደግሞ የምትታየዋ እንጂ የምትናገረዋ አይደለችም። አንዴ ለባንክ ማስታወቂያ ስለ ብድር የምታስረዳ ሴት ድምፅ ይዞ ሄደ። ልምድ ያላት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ሴት ናት። ሰሙት። «ቆንጆ ድምፅ ነው፣ ግን ለብድር ቀለለብን፤ ብድሩን ወንድ ያንብበው፣ እሷን ለልጆች ቁጠባ እናድርጋት» አሉት።

የኔ ባንክ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጇ ሴት ናት። ባለፈው ብድር ጠይቄያት «ማስያዣሽ አይበቃም» ስትለኝ ድምፅዋ ቅንጣት ታህል አልቀለለኝም።