12 ነው አልኳችሁ!

አሁን ነው ቤት የገባሁት። ካፖርቴን እንኳ አላወለቅሁም። ሳልጽፈው ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሥራ ባልደረቦቼ ዛሬም ወደዚያ መጠጥ ቤት፣ ወደ ጥያቄና መልስ ውድድራቸው ወሰዱኝ። የሚወስዱኝ አምስተኛ ሰው ስለሚጎድላቸው ነው። 2 ፓውንድ ለውድድሩ፣ ከዚያ ደግሞ የድንች ጥብስ መዋጮ፤ ያውም አይብ የተነሰነሰበት፣ ያውም በጾም! ያልቀመስኩትን ከፍዬ ውሃዬን ስጠጣ አመሸሁ። ይሁን።

የእግር ኳስ ጥያቄ መጣ፣ ዝም አልኩ። የነገሥታት መጣ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ጠያቂው «ፎልቲ ታወርስ በጠቅላላው ስንት ክፍል ነው?» አይልም! ያ በአንድ ሆቴል ውስጥ የሚካሄደው የድሮ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ! «12!» አልኩ፣ ወንበሩን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝም። እስክሪብቶውን የያዘው ልጅ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ከዚያማ ይበልጣል» አለ።

«12 ነው። 6 በ1975፣ 6 በ1979።»

ይሄኔ ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ ታውቋታላችሁ፤ ለሕፃንና ለውሻ የምትሰጠዋን። «አይዞሽ፣ አንቺ እኮ እዚህ አልተወለድሽም። ይህ የእኛ የድሮ ቀልድ ነው» ብሎ 24 ጻፈ። ሃያ አራት! አንተስ አይተኸዋል ወይ አልኩት። «አያቴ ትወደው ነበር» አለኝ። ይህ እንግዲህ ስሜን አራት ዓመት ሙሉ በትክክል ጠርቶት የማያውቅ ልጅ ነው።

እኔ ያን ድራማ ያየሁት ከማስታምማቸው አሮጊት ጋር ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ክኒናቸውን የሚውጡት ፕሮግራሙ ሲያልቅ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛዬን የለቀምኩት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከእርሳቸው ሶፋ ላይ ነው። «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» የሚባለውን ሌላ ኮሜዲ ስናይ ደግሞ፣ የለንደኑ የፔካም ሰፈር ልጅ ዴል ቦይ መጠጥ ቤት ባንኮኒው ላይ ሊደገፍ ሲል ቀድመው አንጓዬን ጨምድደው ይይዙኝ ነበር። አሳላፊው የባንኮኒውን መዝጊያ ከፍቶታል፤ ዴል ቦይ እንደ ተቆረጠ ግንድ ሳይታጠፍ ይወድቃል፤ ጓደኛው ትሪገር ዞር ብሎ «የት ሄደ?» በሚል ዓይን ይፈልገዋል። መቶ ጊዜ አይተን መቶ ጊዜ ሳቅን።

ደግሞ «የእኛ» ይላሉ! መቼ ያዙትና? ቢቢሲ ዳድስ አርሚ የተባለውን ሌላ የድሮ ኮሜዲ ካሴት ደምስሶ ሌላ ቀረጸበት፤ ከሁለተኛው ዙር 3 ክፍሎች እስከ ዛሬ ጠፍተው ቀርተዋል። የእኔ እናት የሠርግ ካሴቷን በሻሽ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ነው የቆለፈችው።

የፎልቲ ታወርሱን አስተናጋጅ ማኑዌልን ግን ማንም አይነካብኝ። ማኑዌል እኔ ነኝ። እዚህ አገር በገባሁ ሰሞን ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ፣ ፎጣ ሲሉኝ ትራስ ይዤ እሮጥ ነበር። የድራማው ሆቴል ባለቤት ባዚል፣ ማኑዌል ነገር ባበላሸ ቁጥር እንግዶቹን «ከባርሴሎና ነው» ይላቸዋል፤ የበሽታ ስም የሚናገር ይመስል። የእኔዋም አለቃ «ከኢትዮጵያ ናት» ትል ነበር፤ በዚያው ድምፅ፣ ቁርጥ! አሮጊቷ በሳቅ ሲያነቡ እኔም አብሬ አነባሁ፤ ለምን እንዳነባሁ ግን አልጠየቁኝም።

ማኑዌልን የተጫወተው አንድሩ ሳክስ ራሱ በርሊን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ ለንደን የገባ ነው እኮ! እዚህ አልተወለድሽም ይለኛል ደግሞ!

መልሱ ተነበበ። «12»። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥሩ ገምተሽ ነበር!»

በ1 ነጥብ ተሸነፍን። ሽልማቱ የወተት ቸኮሌት ነበር፤ ብናሸንፍም አልበላውም ነበር። ነገሩ ቸኮሌቱ አይደለም!

ይህን እየጻፍኩ ከዚያው ልጅ መልእክት ገባ፤ «በሚቀጥለው ሳምንትም ትመጫለሽ አይደል?» ይላል። ስሜን አሁንም አሳስቶ ጽፎታል። እሺ ብዬ መለስኩለት። ምን አባቴ ላድርግ።