ማስተካከያ፦ ስለ ሳይቤሪያ ድመት በጻፍኩት ላይ

ባለፈው ስለ ሳይቤሪያ ድመት፣ ስለ ጸጉራሙ የሩሲያ ዝርያ፣ ስጽፍ ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ።

አንደኛው «አለርጂ አያስነሳም» ያልኩት ነው። ያስነሳል። ጥፋተኛው ጸጉሩ ሳይሆን ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በምራቁና በቆዳው ላይ ይገኛል፣ ድመቱ ራሱን ሲልስ ጸጉሩን ይቀባበታል፣ ሲደርቅ ይበናል። መጠኑ ከድመት ድመት ስለሚለያይ፣ አለርጂ ያለበት ሰው ከመግዛቱ በፊት ከዚያችው ከሚወስዳት ድመት ጋር ደጋግሞ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ይብሳል። ዐይናቸው ሰማያዊ፣ ፊታቸው፣ ጆሯቸውና ጅራታቸው ጠቆር ያለውን «ትክክለኛው ባህላዊ ሳይቤሪያ» ብዬ ነበር። ነገሩን ገልብጬዋለሁ። እነዚያ ኔቫ ማስከሬድ ይባላሉ፤ ስማቸው የተወሰደው ሴንት ፒተርስበርግን አቋርጦ ከሚያልፈው ወንዝ ነው። ፊፌ የተባለው ዓለም አቀፍ የድመት ፌዴሬሽን ራሱን የቻለ ዝርያ ይላቸዋል፤ ሲኤፍኤና ቲካ የተባሉት የድመት ዝርያ መዝጋቢ ማኅበራት ግን ከሳይቤሪያ አይለዩዋቸውም። አርቢዎች «ባህላዊ» የሚሉት ይህ ቀለም የሌለበትን ነው። ቀለሙ ተደብቆ ይተላለፋል፦ ሁለት ዝንጉርጉር ወላጆች፣ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ፣ ሰማያዊ ዐይን ያለው ግልገል ሊወልዱ ይችላሉ። ለዚህ ነው ባህላዊውን የዘር መስመር የሚጠብቁ አርቢዎች ከማዳቀላቸው በፊት የዲኤንኤ ምርመራ የሚያስደርጉት። ተሸካሚውን በዐይን አይቶ ብቻ መለየት አይቻልም።

ስለ ማበጠር የጻፍኩት እንዳለ ይቆያል። ብርዱ አልፎ የውስጠኛው ጸጉር መርገፍ ሲጀምር ማበጠሪያው ብብቱ ሥር ካልደረሰ፣ እዚያ ይቋጠርና መቀስ ካልሆነ አይፈታውም።