ድንጋዩን መልሱ

ወገኖቼ፣ ወሎዬዎች፣ ዛሬ ላሞግሳችሁ አልመጣሁም። ሙገሳው በዝቶብናል። ደጎች ናቸው፣ ተሳስበው ያድራሉ፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑ አብሮ ይበላል ተብሎልናል። እኛም ስለራሳችን ስንል ኖረናል። ዛሬ ግን ባለፈው ግንቦት ስላደረግነው ነገር እንነጋገር።

ነገሩ የሆነው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ ባለች በእኛ መንደር ነው። ስሟን አልጠራም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃት የራሱን መንደር እያሰበ ያንብብ።

ከመንደሩ በላይ አንድ ቦረቦር አለ። ልጆች ሆነን ዘለን የምንሻገረው ነበር። እያደር ሰፋ፣ እያደር ጠለቀ፣ ኋላ ላም ገብታ የምትሞትበት ገደል ሆነ። በየክረምቱ ከጋራው የሚወርደው ጎርፍ በዚያ በኩል ገብቶ የታችኛውን ማሳ ያጥባል። ሁሉም ያያል። ሁሉም "መንግሥት አንድ ነገር ያድርግ እንጂ" ይላል፤ ብሎም ወደ ቤቱ ይገባል።

አንድ አዛውንት ግን ምንም አላሉም። ሱብሂ ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኙትን ድንጋይ እያነሱ ቦረቦሩ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። በቀን አንድ። በቃ።

ሲሠሩ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ድንጋዩን አይወረውሩትም። ረጅሙን ጎኑን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ አጭሩ ወደ ፊት ይቀራል። ከዚያ በእግራቸው ጫን ይሉታል። ከተነቃነቀ ያነሱታል፣ ያዞሩታል፣ እንደገና ያስቀምጡታል። ክፍተቱን በጠጠር ይወትፉታል። ጠጠሩን የሚያወጡት ከኮታቸው ኪስ ነው፤ መንገድ ለመንገድ ለቅመውት ይመጣሉ። የክትሩን፣ ማለትም ጎርፉን የሚያግደውን የድንጋይ ካብ፣ መሃሉን ከሁለቱ ዳር ዝቅ አድርገው ተዉት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ውሃ መንገድ ካልሰጠኸው ዳሩን ሰርስሮ ይሄዳል" አሉኝ። ይህን የተማሩት ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ነው፤ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረ በየተራራው እርከን ይሠራ በነበረ ጊዜ። ሌላው ስንዴውን በልቶ ሥራውን ረሳው። እሳቸው አልረሱም።

በመጀመሪያው ዓመት የሚታይ ነገር አልነበረም። ሰው ይስቅባቸው ነበር። ግን ጎርፉ ክትሩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። አፈሩ ከክትሩ ጀርባ ይተኛል። እሳቸው በላዩ ሌላ ረድፍ ይጨምራሉ። የሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ሌላ አፈር ያመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ዓመት አለፈ። በቀን አንድ ድንጋይ ብላችሁ አስሉት፤ በአሥር ዓመት ከ3,600 በላይ ነው። ቦረቦሩ ሞላ። ሣር በቀለበት፣ ሴቶቹ ለጥጃ ያጭዱት ጀመር። የካቲት ሳይገባ ትደርቅ የነበረችው የታችኛዋ ምንጭ በጋውን መዝለቅ ጀመረች። ያን ሣር ከብቶቻችን በሉት፣ ያን ውሃ ልጆቻችን ጠጡት። አንድ ድንጋይ የጨመረ ሰው ግን አልነበረም።

ግንቦት መጣ። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብረው ቅሬያችን፣ ሌላው እድር የሚለው፣ አዳራሽ ሊሠራ ተነሳ። አዳራሹ እንደሚያስፈልገን አልክድም፤ ለቀስተኛ በዝናብ ሲበሰብስ ኖሯል። ለመሠረቱ ድንጋይ ተፈለገ። ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ሩቅ ነው፣ የአይሱዙ ኪራይ ተወዷል። አንዱ ተነሳና "ምን አስቸገረን፣ ክትሩ ላይ ያለው ድንጋይ ዝም ብሎ ተቀምጦ የለም ወይ?" አለ።

ዝም ብሎ ተቀምጦ! ያ ድንጋይ ሌት ተቀን ሥራ ላይ ነበር እኮ። እኛ ተኝተን እሱ ጎርፍ ሲይዝልን ያድር ነበር።

አንድ ሰው ብቻ "የሰውየው ድካም አለበት" ብሎ ሞከረ። "መሬቱ የሳቸው አይደለም" ተባለና ተቀመጠ። ሼሁ ነበሩ፣ ቄሱ ነበሩ፣ መምህራን ነበሩ። እጅ ወጣ፣ ተወሰነ፣ ዱዓ ተደርጎ ተበተነ። አዛውንቱ ያን ሰሞን ታመው ደሴ ልጃቸው ቤት ተኝተዋል። ስልክ የሌለው ሰው በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም። አንድም የደወለላቸው የለም።

በማግስቱ ወጣቶቹ ዲጂኖ ይዘው ወጡ። እስከ ዙህር አለቀ። እየዘፈኑ ነው የጫኑት። በነሱ አልፈርድም፤ ላኪዎቹ እኛ ነን። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ማንም ሳያዘው፣ አበል ሳይከፈለው፣ በየቀኑ አንድን ነገር የሚሠራ ትልቅ ሰው ከኚያ አዛውንት በቀር መቼ አይተው ያውቃሉ?

ሐምሌ ሲገባ የሚሆነው ሆነ። ከአሥር ዓመት በላይ የተጠራቀመው አፈር በሁለት ዝናብ ተጠርጎ ወደ ሐይቁ ወረደ። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ጠዋት ስትነሳ የማሽላ ማሳዋ ላይ ጭቃና ኮረት ተኝቶበት አገኘችው። ምንጯ ተደፈነች።

አዛውንቱ ድነው ተመለሱ። ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ሄደው አዩት። አልተቆጡም። አስታራቂዎቹ ሽማግሌዎች፣ አባጋሮቹ ዘንድ ሄደው አቤት አላሉም። አሁን ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ በዚያ መንገድ አያልፉም፤ በታች በኩል ዞረው ነው የሚሄዱት። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህንን ነው። ጎርፉን እረሳው ይሆናል። እኒህን ሰውዬ ከገዛ መንገዳቸው ማስወጣታችንን ግን አልረሳውም። ሌባ ሰርቆት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናገርም ነበር። በስብሰባ ነው ያፈረስነው። እኔም ከመካከላችሁ ነኝና "እኛ" የምለው ለወጉ አይደለም።

ደግሞ የመጀመሪያችን አይደለም። ከ1977 በኋላ በየጋራው የተተከለው ዛፍ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ፈረሰ። "የደርግ ነው" ተባለ። ዛፍ የደርግ ይሆናል? አፈርስ ፓርቲ አለው? የኮንሶ ሰዎች እርከናቸውን ከ400 ዓመት በላይ ጠብቀው አቆይተው፣ ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት መዘገበላቸው። ከኛ የበለጠ ጉልበት ኖሯቸው አይደለም። የተናደውን በየዓመቱ ስለሚጠግኑት ነው።

አላወቅንም እንዳንል እዚሁ አልብኮ፣ ማይባር ላይ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከማሳ የሚታጠበው አፈር ሲለካ ቆይቷል። አንድ ሳንቲሜትር አፈር ለመፈጠር በመቶ የሚቆጠር ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ትምህርት ቤት ተምረናል። ትንሽም ብትሆን የምትዘወትር ሥራ አላህ ዘንድ የተወደደች እንደሆነች በኹጥባ ስንሰማ አድገናል። ክርስቲያኑም የዕለት የዕለቱን ጸሎትና ስግደት ያውቀዋል። በ1966 እና በ1977 የተቀበሩት ደግሞ የሌላ አገር ሰዎች አይደሉም፤ የኛው አያቶች፣ የኛው አክስቶች ናቸው። አፈር ሲሄድ ምን ተከትሎ እንደሚመጣ ለወሎ ሰው የሚነግረው ሌላ ማን ነው? እኛ ግን ዘመቻ እንወዳለን። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ችግኝ ይዘን ፎቶ እንነሳለን። በሳምንቱ ውሃ ያጠጣ ማነው ብትሉ መልስ የለም።

ደክሞኛል። ይህን ስጽፍም ብዙዎቻችሁ "በአዳራሹ ቀንቶ ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ።

ግን ስሙኝ። መሠረቱ በሲሚንቶ ታስሯል፤ ያንኑ ድንጋይ መመለስ አይቻልም። ሌላ ማምጣት ግን ይቻላል። ቅሬው ገንዘብ አለው፤ ለአዳራሹ ያልከፈለውን የአይሱዙ ኪራይ አሁን ለክትሩ ይክፈል። ኅዳር እህሉ ይግባ፤ ጥርና የካቲት የእርከን ሥራ ጊዜ ነው። ቅሬያችን ከ120 አባወራ በላይ አለው። እያንዳንዱ ቤት ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከገበያ ሲመለስ በቀን አንድ ድንጋይ ቢያስቀምጥ፣ እሳቸው በአሥር ዓመት ያስቀመጡትን እኛ በአንድ ወር እንጨርሰዋለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ እኛ ለአንድ ሽማግሌ አሸክመን ነው የኖርነው። ይህ ግን ድንጋዩ ብቻ ነው። አፈሩን የሚያመጣው ክረምት ነው፤ እሱም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ። ልጆቻችን እንጂ እኛ ሞልቶ አናየው ይሆናል።

በአምባሰልም፣ በኩታበርም፣ በወረባቦም ያላችሁ፣ በየመንደራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ማን እንደሆነ እወቁ። የሠራውን ከመንካታችሁ በፊት ደውሉለት።

የኛ መንደር ሰዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት አባጋሮቹን ወደ አዛውንቱ እንላክ። ይቅርታ እንጠይቃቸው። ቀጥሎም የክትሩ መሃል የት ጋ ዝቅ ማለት እንዳለበት ያሳዩን፤ ከሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። እሺ ይበሉ አይበሉ አላውቅም። እምቢ ቢሉም አልፈርድባቸውም። የቅሬው ስብሰባ የፊታችን እሑድ ነው። የመጀመሪያው አጀንዳ ይህ ይሁን።