አይጡ አልሞተም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም

አንድ ኬሚካል መርዝ ነው ወይስ አይደለም ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት ቢወሰድ ይገድላል?” የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ኤንቲኦ የሚባለው የፈንጂ ቅመም ምንም የማያደርግ ነገር ይመስለን ነበር። በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ለአይጥ ገዳይ የሚባለው መጠን በኪሎ ክብደት ከ5 ግራም በላይ ነው። ለ70 ኪሎ ሰው ቢሰላ ከ350 ግራም በላይ መሆኑ ነው።

ኤንቲኦ የአሜሪካ ጦር ቲኤንቲ በሚባለው በቆየው ፈንጂ ፋንታ ለመድፍ ጥይት ባመጣው አይኤምኤክስ-101 የተባለ ድብልቅ ውስጥ ይገኛል። ድብልቁ እሳት ቢነካው ወይም ጥይት ቢመታው እንደ ቲኤንቲ ቶሎ አይፈነዳም። የስንቱን ወታደርና ጫኝ አውራጅ ሕይወት ያተርፋል፤ ይሄን አላጣጥልም።

ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውን የአይጥ ጥናት እዩት። ኤንቲኦውን ፖሊኢትሊን ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ በጥብጠው፣ በቱቦ ቀጥታ ወደ ሆዳቸው፣ በየቀኑ ለ14 ቀን ሰጧቸው። ከዚያ የውስጥ አካላቸው ሚዛን ላይ ወጣ። በቀን በኪሎ 500 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የወሰዱት ወንዶች ቆለጣቸው ቀልሎ ተገኘ።

ለ90 ቀን ሲሰጥ ደግሞ 315 ሚሊ ግራም በቃ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። አይጦቹ ይበላሉ፣ ክብደታቸው አልቀነሰም፣ አኳኋናቸውም እንደ ጤነኛ ነው። ቆለጣቸው ውስጥ ግን ዘር የሚሠራባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ተበላሽተዋል። ሚዛኑና ማይክሮስኮፑ ባይኖሩ ማንም አያውቅም ነበር።

“መጠኑ እኮ ብዙ ነው፤ ማን ይሄን ያህል ይውጣል?” የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ብዙ ነው። ሠራተኛው ግን ለ14 ቀን ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ዓመታት ነው። ኤንቲኦ ደግሞ ውሃ ይወዳል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 16 ግራም ያህል ይሟሟል። ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ላይ ሳይፈነዳ የተበተነውን ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል።

በቲኤንቲ ጊዜ ይሄ ፈተና ቀድሞ አልተሠራም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ አገር ጥይት ይሞሉ የነበሩ ሴቶች ቆዳቸውና ፀጉራቸው ቢጫ ሆነ። ሰው ካናሪ በምትባለው ቢጫ ወፍ ስም ጠራቸው። እኛም ዓይን ቢጫ ሲሆን “የወፍ በሽታ” እንላለን፤ የእነሱም ጉበት ተጎድቶ የሞቱ አሉ። አይጦቹ እነሱ ነበሩ።

ለእንስሳቱ አዝናለሁ። ቢሆንም አዲስ ፈንጂ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት፣ ገዳይነቱ ብቻ ሳይሆን የ14 እና የ90 ቀን ውጤቱም ይታይ እላለሁ። ታይቶም መደርደሪያ ላይ አይቅር። ዱቄቱን የሚደባልቀው የ25 ዓመት ወጣት ሥራ በጀመረበት ቀን ይነገረው፤ አግብቶ ልጅ እምቢ ሲለው አይደለም።