ይድረስ ለኩርንችት፣ ካለህበት

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከሁለት የተወጉ ጣቶችና ከአራት የተነፈሱ ጎማዎች በስተቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤውን ስጀምር «አንቱ» ልልህ አስቤ ነበር። በኋላ ግን ደም መቃባታችን ትዝ አለኝና ተውኩት።

የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም። የቤተሰብ ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ እንድታስተምረኝ ነው።

እኔ የማውቀውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሁለት ልጆች ይዘን የተራራ ሳይክል ልንነዳ ለምንሄድበት መንገድ ሦስት ወር ሙሉ አቀድኩ። ሰንጠረዥ ሠራሁ፣ ያውም በቀለም የተለየ። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ እግር ማፍታቻ። አረንጓዴ ምልክት ያለው ቀላሉ መንገድ ለትንሹ፣ መካከለኛው ሰማያዊ ለትልቋ፣ ከባዱ ጥቁር ለፎቶ ብቻ። የትንሹን ሳይክል ሳይቀር መዘንኩ። 10 ኪሎ ሆና ተገኘች። እሱ ራሱ 22 ኪሎ ነው። እስቲ 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ 32 ኪሎ ሳይክል ዳገት ላይ ይግፋና «ምን ያነጫንጭሃል?» ይባል። ስለዚህ ዳገቱንም ቀነስኩ።

አራት ሳይክል ከመኪናው ኋላ ለመጫን ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ አልነግርህም። የአንዱ ፔዳል የሌላው ራጆ ውስጥ ይገባል። አውጥቼ ሳዞረው መሪው የመኪናውን መስታወት ይመታል። የትንሹ ደግሞ አጥራ ከመጫኛው ክንድ አልደርስ አለች። ብቻ ጫንኩ። ታርጋውና መብራቱ ስለተሸፈነ ለእነሱም ሌላ ሰሌዳ ከኋላ አንጠለጠልኩ። ሰንጠረዡ ላይ ያልተሞላ ቦታ አልቀረም። «ደረስን?» ለሚለው ጥያቄ እንኳ የራሱ ሰዓት ነበረው።

አንተ ግን አልነበርክበትም።

ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ዳር መሬቱ ላይ የተነጠፈ አረንጓዴ ነገር አየን። ጣል ጣል ያለ ትንንሽ ቢጫ አበባ አለው። «እንዴት ያምራል!» አለች ባለቤቴ። ሳይክሎቹን አውርጄ እዚያው ላይ አስተኛኋቸው። የቤተሰብ ፎቶም ተነሣን። ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ሳይክላቸውን በትከሻቸው ተሸክመው በአጠገባችን አለፉ። ለልጆቼ ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ? «ሳይክል ገዝቶ የሚሸከም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ተሳሳቅን።

መቶ ሜትር ሳንሄድ ትልቋ ቆመች። «አባዬ፣ ጎማዬ ላይ ፍየል ተሰክታለች!»

አጎንብሼ አየሁ። እውነትም ሁለት ቀንድ ያላት የፍየል ጭንቅላት ትመስላለች። አንድ ብቻ አይደለችም፣ ዘጠኝ ናቸው። እኔም ጀግና ነኝና አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። የበሳኸውን ቀዳዳ ራስህ ወትፈህ ይዘኸው እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ ጎማው በዘጠኝ ቦታ ማፏጨት ሲጀምር።

የእኔና የባለቤቴ ጎማ ከመነዳሪ የለውም። ውስጡ ፈሳሽ አለ፣ ትንሽ ቀዳዳ ሲያገኝ ወዲያው ይደፍናል። ስለዚህ የእኛ ምንም አልሆነም። የልጆቹ አራቱም ተነፈሱ። «መድኃኒቱ ለአዋቂ ብቻ ነው እንዴ?» አለች ባለቤቴ። ለዚህ ሰንጠረዡ ላይ መልስ አልነበረም።

ትርፍ ከመነዳሪማ ይዣለሁ። ሁለት። ሁለቱም የ29 ኢንች፣ ማለትም በእኔው ጎማ ልክ። የልጆቹ 20ና 24 ናቸው። መንፊያዬም የተገጠመችው ለቀጭኑ ቫልቭ ነው፣ የልጆቹ ደግሞ እንደ መኪና ወፍራሙ ነው። ጫፏ ውስጥ ያለችው ላስቲክ ተገልብጣ ስትገባ ለሁለቱም እንደምትሆን ያወቅኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። በመጨረሻ እኚያ ሽማግሌ ሲመለሱ የእሳቸውን መንፊያ አበደሩን። አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ልጥፍ ተጀመረ። ልጆቹ ከመነዳሪውን ባልዲ ውስጥ እየነከሩ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋሉ። እኔ እፍቃለሁ፣ ማስቲሽ እቀባለሁ፣ እጠብቃለሁ። መንገዱን ሙሉ «አባዬ፣ ደረስን?» ሲል የመጣው ትንሹ አሁን «አባዬ፣ ደረቀ?» ሆነ ሥራው። የቀረ እሾህ ካለ ብዬ ጣቴን ጎማው ውስጥ ዙሪያውን አስኬድኩ። ነበረ። በአካል የተዋወቅነው እዚያ ነው።

ማታ ስላንተ አነበብኩ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «ትሪቡለስ ቴሬስትሪስ» ብሎ መዝግቦሃል። ትሪቡለስ ሮማውያን የጠላት ፈረስ እንዲወጋላቸው መሬት ላይ የሚበትኑት ሹል ብረት ስም ነው፣ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ ጫፉ ወደ ላይ የሚቆም። ይህን እንኳ ጎማዎቼ ነግረውኝ ነበር። እኔን ያስቀናኝ የቤተሰብ አያያዝህ ነው። ፍሬህ ሲደርቅ አምስት ቦታ ይከፈላል። በያንዳንዱ ክፋይ ውስጥ ልጆችህ ሁለት ሦስት እየሆኑ ተቀምጠዋል። ታዲያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስነሳም። አንዱ ቀድሞ ይበቅላል፣ ሌላው አፈር ውስጥ ዓመታት ይጠብቃል። እኔ ሁለቱንም በአንዴ ጭኜ ነው ጉድ የሆንኩት። መጫኛ አትገዛ፣ ታርጋ አታንጠለጥል። አላፊ አግዳሚው ጎማ ላይ ሰካ ታደርጋቸዋለህ፣ በቃ። ሊፍት በነጻ። ደግሞ አንዳቸውም «ደረስን?» አይሉም። አራዳ ነህ፣ ምን ይደረግ።

ቤት ስንመለስ ሳይክሎቹን ግድግዳው ሥር አጠብኳቸው። ከመኪናው ምንጣፍ ላይ 11 ፍየል ለቀምኩ። አሥራ ሁለተኛዋን ባለቤቴ በባዶ እግሯ አገኘቻት። ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። በዚህ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። በቀደም ግን ሳይክል ያጠብኩበት ቦታ ላይ አንድ ቡቃያ አየሁ። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው፣ መሬቱን ይዞ ይሄዳል። ፍሬ ሳይዝ ከነሥሩ መንቀል እንዳለብኝ አላጣሁትም። ችግሩ ትንሹ ልጄ ቀድሞ አይቶታል። ጠዋት ጠዋት ውሃ ያጠጣዋል።

አክባሪህ፣
ሹፌርህ